ታራንቱላ በቤት ማኖር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጀማሪዎች

ጢጣ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ታራንቱላ፣ ያችን ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት፣ በቤት እንደማኖር ከሰማችሁ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ጥያቄው ተመሳሳይ ስለሆነ የማውቀውን እዚህ በአንድ ላይ ላስፍረው፤ የጎደለውን እናንተ ትሞሉታላችሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ይህን ነገር የለመድኩት ግን ውጭ አገር ስኖር ነው። አሁን ያለችኝ አንዲት ሴት ናት፣ ሸጋ እላታለሁ። ዘሯ ከመካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓና ኮስታሪካ አካባቢ የሚኖረው ፀጉሩ የተጠቀለለ ቡናማ ዓይነት፣ በሳይንስ ስሙ ትሊልቶካትል አልቦፒሎሰስ። የተፈለፈለችው አርቢ ቤት ነው እንጂ ከዱር አልተያዘችም፤ አገር ውስጥ የገባችውም በሕጋዊ ወረቀት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህን ነው፦ በቤት የምትኖር ታራንቱላ በአብዛኛው የምትሞተው በባለቤቷ ችኮላ ነው። አልበላችም ብሎ በግድ ለማብላት መታገል፣ አልተንቀሳቀሰችም ብሎ መነካካት፣ በረዳት ብሎ እሳት ማስጠጋት። ከእኛ የምትፈልገው በጣም ጥቂት ነው፤ ያንን ጥቂት አሟልቶ እጅን መሰብሰብ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሳጥኑን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ ረጅምና ሰፊ ይመኝላታል። መሬት ላይ ለምትኖር ታራንቱላ ግን ከፍታ አደገኛ ነው። የሆዷ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከትንሽ ከፍታ ወድቃ እንኳ ሊፈነዳ ይችላል፣ ከፈነዳ ደግሞ የምትተርፈው ከስንት አንዴ ነው። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ክፍተት እግሮቿ ተዘርግተው ከሚይዙት ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ አይብለጥ። ሳጥኑ ረጅም ከሆነባችሁ አፈር ጨምሩበት። የሽቦ ወንፊት ክዳን አታድርጉ፤ የእግሯ ጥፍር ይያዝና ተንጠልጥላ ስትታገል እግሯ ይነቀላል። የፕላስቲክ ክዳን በጋለ ምስማር በስታችሁ ጥቃቅን ቀዳዳ ብታበዙለት ይሻላል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ ጉልበቷ ከምታስቡት በላይ ነው።

አፈሩ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ከእርሻ ማሳ አታምጡ፤ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት አርፎበታል። ዋልካ አፈርም አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ይጨቀያል። እኔ ካልታረሰ ቦታ የወሰድኩትን ቀይ አፈር ነፍቼ፣ ቅንቅንና የነፍሳት እንቁላል እንዳይኖርበት ቆርቆሮ ላይ በእሳት አምሼ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ከኮኮናት ገለባ ጋር ደባልቄ ነው የምጠቀመው። መደበቂያዋ ግማሹ የተቀበረ ገል ነው። ከእናቴ ማሰሮ የተረፈ ገል ውጭ አገር በውድ ከገዛሁት የዛፍ ቅርፊት የተሻለ አገልግሏታል።

ውሃ ሁልጊዜ መኖር አለበት። ዝርግ ሳህን ይበቃል፣ ለግልገሎች የለስላሳ ቆርኪ። ስፖንጅ ወይም ጥጥ ውስጡ አታስቀምጡ፤ ባክቴሪያ ማርቢያ ይሆናል። አንዳንድ ሰው በየቀኑ ውሃ ይረጭባታል። ንፋስ ስለምትጠላና ስለምትረበሽ አይጠቅማትም፤ የአፈሩን አንድ ጥግ ማርጠብ በቂ ነው።

ምግብ፦ ያደገች ታራንቱላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ብትበላ ይበቃታል። የምትሰጧት ነፍሳት ከሆዷ መጠን አይብለጥ። እኔ ፌንጣና የዱቄት ትል ራሴ አራባለሁ። ትሉ በፉርሽካ ላይ ይራባል፤ ለእርጥበት የካሮት ወይም የድንች ቁራጭ ጣል ማድረግ ነው። ፉርሽካውን ከወፍጮ ቤት በጥቂት ብር ታገኛላችሁ። ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ እንዳይደበቅባት በወረንጦ ይዛችሁ ፊቷ ላይ አቅርቡላት። ያልበላችውን በማግስቱ አውጡ። ሆዷ ከፊተኛው አካሏ እጅግ ከገዘፈ ምግብ ቀንሱ፤ የወፈረች ታራንቱላ ከወደቀች የመፈንዳት አደጋዋ ይብሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ቆዳ መቀየር። በጣም የምትጨነቁበትም በጣም ጥፋት የሚደርስበትም ይህ ጊዜ ነው።

ታራንቱላ የምታድገው አሮጌ ቆዳዋን አውልቃ ነው። ግልገሎች በየጥቂት ሳምንቱ ወይም ወሩ ይቀይራሉ፣ ያደጉት ግን በዓመት አንዴ ወይም ከዚያም በዘገየ። ከመቀየሯ በፊት ምግብ ታቆማለች፣ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት። ሆዷ ላይ ፀጉሩ የተመለጠ ቦታ ካለ ቆዳው እየጠቆረ ይመጣል፤ እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ አፈሩ ላይ ድር እንደ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። በዚህ ጊዜ ሕይወት ያለው ፌንጣ አታስገቡባት። ቆዳዋን ስትቀይር አካሏ ለስላሳ ነው፣ መከላከል አትችልም፤ የተራበ ፌንጣ ቆርጥሞ ሊገድላት ይችላል።

አንድ ቀን ክዳኑን ስታዩ በጀርባዋ ተንጋላ እግሯን ወደ ላይ አድርጋ ታገኟታላችሁ። አልሞተችም። ልትሞት የደረሰች ታራንቱላ በአብዛኛው በጀርባዋ አትተኛም፤ በሆዷ እንዳለች እግሮቿን ከሥሯ ትሰበስባለች። የተንጋለለችውን አትንኳት፣ አትገልብጧት፣ ውሃ አትርጩባት፣ ሳጥኑን አታንቀሳቅሱ። ለትልቋ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስትጨርስ ጥርሷ ነጭ ነው፤ ቀስ በቀስ ይቀላል፣ በመጨረሻ ይጠቁራል። ጥርሷ እስኪጠቁር ምግብ የለም፤ ያደገች ከሆነች ወደ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ውሃው ግን ሙሉ ይሁን። እግር የጎደላት ካለች ደግሞ ከዚህ ቅያሬ ጀምሮ እግሯ ተመልሶ ያድጋል፤ መጀመሪያ ቀጭን ሆኖ፣ በሚቀጥሉት ቅያሬዎች እየወፈረ።

የወለቀውን ቆዳ አትጣሉት። ሳይደርቅ በቀስታ ዘርግታችሁ ከውስጥ በኩል፣ የሆዱ ሥር መተንፈሻዎቹ ባሉበት አካባቢ በማጉያ ብታዩ፣ ሴት ከሆነች የዘር ማጠራቀሚያ ኪሷ ይታያል። ወንድ ይሁን ሴት ለማወቅ ከዚህ የታመነ መንገድ የለም።

እጅ ላይ ስለማውጣት ለሚጠይቁኝ፦ አላወጣትም። እሷ ከእጃችን የምታገኘው ጥቅም የለም፤ መውደቅ ግን አለ። ማየት ይበቃል። ማታ ማታ በቀይ መብራት ገሏን ትታ ስትወጣ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ሳላይሽ (ደሴ)

ጋሼ ጢጣ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ በደንብ ነው የገለጹት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የእኔ ጭንቀት ብርዱ ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ስንወጣ የአየሩ ለውጥ ለሰውም ይታወቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን እንዴት ትችለዋለች? ቤታችን ማታ ማታ የከሰል ማንደጃ ይገባል፣ አጠገቡ ባስቀምጣትስ?

ጢጣ (ኮምቦልቻ)

እህቴ ሳላይሽ፣ ማንደጃው አጠገብ በፍጹም አይሆንም። ከእሷ በፊት ስለራሳችሁ ልንገርሽ፦ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ከሰል ማንደድ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ተኝቶ የቀረ ሰው ስንት አለ። ሳይተኙ ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ።

ወደ እሷ ስንመለስ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። ለሸጋ ዓይነት ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ይስማማታል፤ እኔ ቤት ያለ ምንም ማሞቂያ ዓመቱን ትዘልቃለች። ሌሊት ላይ ትንሽ ቢወርድ አትጎዳም፤ ትቀዘቅዛለች፣ ምግብ ትቀንሳለች፣ እድገቷ ይዘገያል። ቀንም ሌሊትም ለሳምንታት ከቀዘቀዘ ግን ችግር ነው፤ የበላችውን እንኳ በደንብ መፍጨት ያቅታታል።

ለደሴ የምመክረው እንዲህ ነው። ሳጥኗን በሌላ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ፤ ዙሪያውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ወይም በፎም ሸፍኚ፣ አየር መግቢያ ትተሽ። ማታ ለብ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ በጎን አስጠጊላት። ከሥር አይሁን። ታራንቱላ ሲሞቃት በደመ ነፍስ ወደ መሬት ትቆፍራለች፤ ሙቀቱ ከሥር ከመጣ ከሚያቃጥላት ነገር ልትሸሽ ወደ ሚያቃጥላት ነገር ትገባለች። በኤሌክትሪክ መተማመን ደግሞ መብራት በሚጠፋበት አገር ከባድ ነው፤ ጠርሙሱ አይጠፋም።

ገና ካልገዛሽ፣ ከቺሊ የሚመጣው ግራሞስቶላ ሮዝያ የሚባለው ዓይነት ቀዝቀዝ ያለ አየር ይችላል። ለደሴ ሰው እሱ ይሻላል።

የባቲ ልጅ

አብሽሩ ወገኖች። እኔ ግዢ ውስጥ አልገባም፤ እዚሁ ባቲ ለመሠረት ስንቆፍር አንድ ትልቅ ፀጉራም አግኝተን በጣሳ አስቀምጬዋለሁ። ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሩጫው ለጉድ ነው፣ አሥር እግር ያለው ይመስላል። አፉ ትልቅ መቀስ ነው። ምን ላብላው?

ኩታበር (ሚኒሶታ)

ወንድሜ፣ ከገለጻህ ተነስቼ ታራንቱላ አይመስለኝም። የግመል ሸረሪት የሚሉት ነው። ስሙ ሸረሪት ይሁን እንጂ ሸረሪት አይደለም፣ የራሱ ወገን አለው። እግሩ ስምንት ነው፤ ከፊት ያሉት ሁለት ረጃጅም መዳሰሻዎች ናቸው አሥር ያስመሰሉት። መንጋጋው ወደ ፊት ተሰድሮ ይታያል። ታራንቱላ ግን ስትሄድ ረጋ ትላለች፣ ጥርሷ ከሥር ታጥፎ ነው ያለው፣ ከኋላዋም ሁለት ጣት የመሰሉ ድር ማውጫዎች ይታያሉ።

የግመል ሸረሪት የመርዝ ዕጢ የለውም፤ ንክሻው ያማል፣ ቁስሉም እንዳይመረቅዝ በሳሙና መታጠብ አለበት። በጣሳ አይኖርልህም። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሞክረው እንኳ ዕድሜው አጭር ይሆንባቸዋል። ማታ ላይ ከቤት ራቅ አድርገህ ልቀቀው።

እግረ መንገዴን፣ ታራንቱላ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ሸጋ ያሉት የአሜሪካ አህጉር ዓይነቶች ሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ፀጉር አለ፤ ሲቆጡ በኋላ እግራቸው እየጠረጉ ይበትኑታል። የአፍሪካና የእስያዎቹ ያ ፀጉር የላቸውም፤ በምትኩ ፈጣንና ቁጡ ናቸው፣ መርዛቸውም ይከብዳል። ኬንያና ታንዛኒያ የሚገኘው ብርቱካናማው ቴሪኖኪለስ ሙሪነስ ከነከሰ ሕመሙ ብርቱ ነው። ፖይኪሎቴሪያ የሚባሉት የሕንድና የስሪላንካ ዛፍ ወጪዎች ደግሞ ለቀናት የሚመላለስ የጡንቻ መኮማተር ያመጣሉ። ለጀማሪ እነዚህን አልመክርም፤ ቀለማቸው ያማልላል፣ ግን ይቆዩ።

የባቲ ልጅ

ኩታበር ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ መንጋጋው ልክ እንዳልከው ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቆላው አወጣዋለሁ።

ቃሉ ጤና (ሐርቡ)

የምሠራው ጤና ላይ ነው፤ አንድ ነገር ላክል፣ ለቆላው አካባቢ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነውና። የወባ ወቅት ሲቃረብ ቤት ለቤት ግድግዳ ይረጫል። የሚረጨው፣ ለምሳሌ ፒሪሚፎስ ሜቲል፣ ትንኝ ለመግደል የተሠራ ነው፤ ሸረሪትንም አይምርም። አጎበሩም ፓይሬትሮይድ በሚባል የነፍሳት መግደያ የተነከረ ስለሆነ የእንስሳዋ ሳጥን ላይ ጣል አታድርጉት።

መፍትሔው መድኃኒቱን መከልከል አይደለም! እባካችሁ በእንስሳ ምክንያት ቤታችሁን ከመረጨት አታስቀሩ፤ ወባ ሕፃን ይገድላል። የርጭቱ ቀን ቀድሞ ይነገራል። ሳጥኗን ያልተረጨ ቤት፣ ዘመድ ጋ ወይም ወደ ደጋ አድርሷት፤ በተረጨው ግድግዳ አጠገብም መልሳችሁ አታስቀምጧት።

ጢጣ (ኮምቦልቻ)

ቃሉ ጤና፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን መጻፍ ያለበት እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነበር። እኔ ሸጋን በዚያ ወቅት ደሴ እህቴ ቤት አደርሳታለሁ። በተመሳሳይ ምክንያት በቤት ውስጥ የበረሮ ፍሊት አልነፋም፤ ውሻ ያላችሁም የቁንጫ መድኃኒት ከቀባችሁ በኋላ እጃችሁን በደንብ ሳትታጠቡ ሳጥኗን አትክፈቱ። ቡና ሲፈላም ዕጣኑ ከሚጨስበት ክፍል አወጣታለሁ፤ በሆዷ ሥር ባሉት አራት የመጽሐፍ ገጽ በመሰሉ ሳንባዎች ነው የምትተነፍሰው፣ የታፈነ ጭስ ምን ያደርግላታል?

ወረባቦ

ስለ መርዝ ካነሳችሁ አይቀር፣ አንበጣ መመገብስ? በ2013 ጥቅምት አንበጣው ማሽላውን ሲያራቁት አይተናል። አሁንም አልፎ አልፎ ፌንጣና አንበጣ ከሜዳ ይገኛል፣ በነጻ ነው።

ጢጣ (ኮምቦልቻ)

ወረባቦ፣ አንበጣ በራሱ ጥሩ ምግብ ነው፤ ውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ እየተረባ ይሸጣል። ከሜዳ የተያዘው ነው የሚያሰጋው። ያኔ መንጋው በመጣ ጊዜ በአውሮፕላንም በሰው ጀርባም ኬሚካል ሲረጭ ነበር፤ መድኃኒቱ የነካው አንበጣ ወዲያው ላይሞት ይችላል፣ እየዘለለ ታገኘዋለህ። ዛሬም ገበሬው ለተምችና ለአፊድ ይረጫል። የትኛው ፌንጣ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ማን ያውቃል? በተጨማሪ ከዱር የሚያዝ ነፍሳት ጥገኛ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጥቂት ይዘህ አራባ፤ ያልተረጨ ጎመን እየመገብክ ልጆቻቸውን ስጣት።

እመ ሰሚር (ደሴ)

እንደምን አላችሁ ልጆቼ። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይህን ነገር በስልክ አይቶ ካልገዛችሁልኝ ብሎ አስቸግሮናል። አባቱ እሺ ሊል ነው። እኔ ፈራሁ። ልጅን ትገድላለች? እውነቱን ንገሩኝ።

ዓይን ክፍል (ደሴ)

እትዬ እመ ሰሚር፣ ነርስ ነኝ፣ እኔ ልመልስልዎ። በታራንቱላ ንክሻ ሰው ስለመሞቱ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። እንደ ሸጋ ያሉት ቢነክሱ የንብ ንድፊያ ያህል ያማል፤ በሳሙናና በውሃ አጥቦ በቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝ ነው። መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር የለም። ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ካበጠ ወይም ሰውነት በሙሉ ሽፍታ ካወጣ ወደ ሆስፒታል ይሮጡ፤ አለርጂ ሊሆን ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዓይን ነው። ከሆዷ የምትበትነው ፀጉር ጫፉ እንደ መንጠቆ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ወደ ውስጥ እየሰረሰረ ይሄዳል። ለወራት የሚቆይ መቅላት፣ ብርሃን መፍራት፣ የእይታ መደብዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ልጆች ደግሞ ፊታቸውን ሳጥኑ ላይ ደፍተው ነው የሚያዩት። ስለዚህ ሳጥኑ ሲጸዳ መነጽርና ጓንት፣ ሲጨርሱ እጅን መታጠብ፣ እጅ ሳይታጠቡ ዓይንን አለመንካት። ከገባ ዓይንን ማሸት ክልክል ነው፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ያኑ ቀን ዓይን ሐኪም ጋ መሄድ። የሸረሪት ፀጉር እንደሆነ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ በማጉያ ካልተፈለገ አይታይም። ወተት፣ ቅቤ፣ የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ አይጨመር።

ጢጣ (ኮምቦልቻ)

እመ ሰሚር፣ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ሴቷ ከተመቻት ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች። ሰሚር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ሥራ ሲይዝ፣ ሲያገባ እሷ አለች። የሚንከባከባት ያኔ ማን ነው? እርስዎ ወይም አባቱ ለዚያ ፈቃደኛ ካልሆናችሁ አሁን እሺ አይበሉት። ፍላጎቱ ግን አይጥፋበት፤ ፉርሽካና የዱቄት ትል ሰጥተውት ለአንድ ዓመት ያርባ። ትሉ ቅርጹን ቀይሮ ጥንዚዛ ሲሆን ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ዓመቱን ሳይሰለች ከዘለቀ ያኔ ይምጣና እኔ ቤት ሸጋን ይይ።

እመ ሰሚር (ደሴ)

አላህ ይባርካችሁ። የትሉን ነገር ለአባቱ ነገርኩት፣ ተስማምተናል።

ሐይቅ ዳር

እኔ ሐሳባችሁን አከብራለሁ፣ ግን የሚከብደኝ ነገር አለ። አባቶች ሲነግሩን ሸረሪት በሠውር ዋሻ አፍ ላይ ድሯን አድርታ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከጠላት የከለለች ፍጥረት ናት። እኛ ቤት ሸረሪት አይገደልም። ታዲያ ሰው ለዓይኑ ደስታ ብሎ በሳጥን ውስጥ ሃያ ዓመት መዝጋቱ ልክ ነው? ከአገሯ አውጥቶስ?

ጢጣ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ሐይቅ ዳር፣ ይህን ጥያቄ እኔም ዘወትር አስበዋለሁ። መልሴ ግማሽ ነው። ከዱር የተያዘችን ታራንቱላ መግዛት ልክ ነው አልልም። ዘግይታ የምትጎለምስ፣ ለመውለድ ዓመታት የምትፈልግ እንስሳ ናት፤ አንዲት ትልቅ ሴት ከጉድጓዷ ስትወሰድ የአካባቢው ዘር ይጎዳል። የሜክሲኮ ቀይ ጉልበቶቹ፣ ብራኪፔልማ የሚባሉት፣ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር የገቡት ለዚህ ነው። አርቢ ቤት የተፈለፈለችው ግን ሌላ ሕይወት አታውቅም። በዱርም ቢሆን መሬት ላይ የምትኖር ሴት ታራንቱላ ዕድሜዋን በአንድ ጉድጓድና በአፉ ዙሪያ ነው የምትጨርሰው፤ በቂ አፈር፣ ውሃና ጨለማ ካገኘች ሳጥኑ ጠበበኝ የምትል አይመስለኝም።

ለራሷ ታዝኖላትም ቢሆን ቦርከና ዳር መልቀቅ ግን አይቻልም። ደጅ ያለው አየር ሊገድላት ይችላል፣ ባይገድላት ደግሞ ለእኛ ነፍሳትና ሸረሪቶች ባዳ ናት።

ዱር ጠባቂ (ወልድያ)

ጢጣ ያለው ላይ ሕጉን ላክል። ኢትዮጵያ ያን ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። እዚሁ አገር ከዱር የተገኘን ሸረሪት ይዞ ለማኖርም ሆነ ለመሸጥ ከማሰባችሁ በፊት፣ ከውጭ ለማስገባትም እንዲሁ፣ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ። በሻንጣ ደብቆ ማምጣት እንስሳዋንም ያሳጣል፣ ባለቤቱንም ያስጠይቃል። በቴሌግራም «አለኝ» የሚላችሁን ሻጭ ወረቀቱን ሳያሳያችሁ አትክፈሉት።

ኩታበር (ሚኒሶታ)

ወንድ የገዛችሁ እንዳትደነግጡ ይህንም እወቁ። የወንዱ ዕድሜ አጭር ነው፤ ከመጨረሻ ቅያሬው በኋላ እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ሁለት ዓመት ነው የሚቆየው። መጎልመሱን የምታውቁት ከፊት ያሉት መዳሰሻዎቹ ጫፍ የቦክስ ጓንት የለበሱ ሲመስሉ ነው፤ በብዙ ዓይነቶች ላይ የፊት እግሮቹ ከውስጥ በኩል መንጠቆ ያወጣሉ። ከዚያ ወዲያ ምግብ ይጠላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳጥኑን ሲዞር ያድራል፣ ሆዱ ይሟሽሻል። ሚስት ፍለጋ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒት የለውም። ውሃውን ሙሉለት።

ሳላይሽ (ደሴ)

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። እግሯን ከሥሯ ከሰበሰበች ልትሞት ነው ብለዋል። ያኔ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ነው?

ጢጣ (ኮምቦልቻ)

ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ቶሎ ከተደረሰ። ሸረሪት እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ነው፤ ዋና ዋናዎቹን መገጣጠሚያዎች የምትዘረጋው ግን ደሟን በግፊት ወደ እግሯ እየላከች ነው። ሰውነቷ ሲደርቅ ግፊቱ ይወርዳል፣ እግሮቿ ይታጠፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ። ዝርግ ሳህን ላይ ጥቂት ውሃ አድርጊ፣ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ እየገፋሽ አፏ ውሃውን እንዲነካ ፊቷን ብቻ ጠርዙ ላይ አሳርፊ። ሆዷ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቂ፤ መተንፈሻዋ እዚያ ነው። ከዚያ ሞቅ ባለ ጸጥ ያለ ቦታ ተዪያት። የጠጣች እንደሆነ በሰዓታት ውስጥ እግሯ መዘርጋት ይጀምራል። አፏ አካባቢ ነጭ እንደ እርጎ ያለ ነገር ካለና መጥፎ ሽታ ካለው ግን ጥገኛ ትል ሊሆን ይችላል፤ እሱ አይድንም፤ ሳጥኑን ከሌሎች አርቂ፣ አፈሩንም አቃጥይው።

ወረባቦ

እኔም ላስቸግር። ለመውሊድ ሁለት ሳምንት ገጠር ብሄድ፣ ጎረቤት እንዲያበላት አደራ ልበል?

ጢጣ (ኮምቦልቻ)

አያስፈልግም። ከመሄድህ ሦስት አራት ቀን በፊት አብላት፣ ትርፍራፊውን አውጣ፣ ውሃውን በሰፋ ሳህን ሙላላት፣ የአፈሩን ጥግ አርጥብ። ሁለት ሳምንት ለጠገበች ታራንቱላ ምንም አይደለም። «እንዳይርባት» ብለህ በሕይወት ያለ ፌንጣ ትተህባት አትሂድ። ጎረቤትህን አደራ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፀሐይ በመስኮት በቀጥታ ሳጥኑ ላይ እንዳያርፍ መጋረጃውን እንዲዘጋ። ክዳኑን እንዳይከፍት ቁልፍ አድርግበት።